«ደብረ» ሲል ሰምቼ ገባሁ

መጀመሪያ ውጤቱን ልናገርና ይውጣልኝ። 21 ለ 6፣ 21 ለ 8። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ጨዋታው ሃያ ደቂቃ አልሞላም። እሱም ቢሆን ሁለቴ ውኃ ጠጥቼ፣ አንዴ የጫማዬን ክር ቁጭ ብዬ አስሬ ነው። ክሩ አልተፈታም ነበር። እፎይ ልበል ብዬ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ። እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሰፈራችን ማለቴ ነው፣ በባድሜንተን አንደኛ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ባድሜንተን የሚጫወተው ሰው አምስት ነው። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እንደ ቴኒስ ራኬት አለው፣ እንደ መረብ ኳስ መረብ አለው፣ ኳሱ ግን ኳስ አይደለም። ቡሽ ላይ 16 ላባ የተሰካባት፣ አምስት ግራም ገደማ የምትመዝን ነገር ናት። ትክክለኛ ስሟ ሻትል ነው። እኛ ሰፈር ግን «ዶሮዋ» ነው የምንላት። «ዶሮዋ ወጣች!» «ዶሮዋን አምጣት!» «ዶሮዋን እንዲህ አትምታት፣ ላባዋ ይረግፋል!» እየተባለ ሲጮህ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ አጥር ውስጥ ያይና ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ የሚባል ሕንዳዊ ተጫዋች አለ። በፈረንጆች 2023 በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር የምትበር ዶሮ መትቶ ጊነስ ላይ ሰፍሯል። የኔን ምት ማንም ለክቶት አያውቅም። ስለዚህ ያነሰ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰውም የለም።

ይሄን ጉራ ይዤ ነው ባሕር ዳር ውድድር የሄድኩት። የደረሰብኝ ደግሞ አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው ቀጭን ልጅ ነው። ገና ሲያየኝ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። በአክብሮት ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አላከበረኝም። እኔ ከሜዳው ጥግ እስከ ሜዳው ጥግ ብዬ የላክኋት ዶሮ መሀል ላይ ድንገት የደከማት ይመስል ትወርዳለች። ልጁ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ጧ! እንደገና እልካለሁ። እንደገና መሀል ላይ። ጧ! በመጨረሻ እጄን ማንሳት ትቼ በዓይኔ ብቻ እሸኛት ጀመር።

አሰልጣኛችን ኋላ አስረዳኝ። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ዶሮዋ ስትበር የሚይዛት ነገር የለም። ባሕር ዳር 1,800 ላይ ናት፣ አየሩ ወፈር ይላል፣ ይይዛታል። በዚያ ላይ እኛ ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ የምንጫወትባት የላስቲኳ ናት፣ እሷ ደግሞ ከላባዋ ይልቅ ርቃ ትሄዳለች። አንዳንድ ፋብሪካዎች እንዲያውም ማሸጊያው ላይ 75፣ 76፣ 77 እያሉ የፍጥነት ቁጥር ይጽፋሉ፣ ዝቅተኛው ቁጥር ለደጋ፣ ከፍ ያለው ለዝቅተኛ ቦታ። ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ለምን ትናንት አልነገርከኝም? ለካ ትናንት ማታ በስብሰባው ላይ ነግሮናል። እኔ ያኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይ ነበር። የጨዋታ ቪዲዮ ነው፣ ለዝግጅት ብዬ።

ቡድኑን የያዘው መኪና የሚመለሰው እሑድ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱም ገና አራት ሰዓት። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ «አይዞህ» ስባል ልውል ነው? አይሆንም። አጠገቤ ለነበረው ጓደኛዬ «ሻይ ልጠጣ» አልኩትና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሻይ ለመጠጣት ቦርሳ ለምን ይያዛል ብሎ አልጠየቀኝም። እሱም ጨዋታ ደርሶበት ነበር።

እናቴ «አሳ ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብላኛለች። ጣና ዳር ሄጄ ሦስት ኪሎ ቆሮሶ አስቆርጬ ገዛሁ። ልጁ በፌስታል አድርጎ ትንሽ በረዶ ጣል አደረገበት፣ በጋዜጣ ጠቀለለው፣ እኔ በፎጣዬ ደገምኩት። ሌላ የማስገባበት ስለሌለኝ ከራኬቶቹና ከዶሮዎቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ግንቦት ነው። የባሕር ዳርን ግንቦት የምታውቁ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ገምታችኋል።

መናኸሪያ ስደርስ አንድ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደብረ! ደብረ! አንድ ሰው የቀረው ደብረ!» ይላል። ዘልዬ ገባሁ። አሁን ሳስበው ጎጃም ውስጥ «ደብረ» ብሎ መጥራት ምን ማለት ነው? ደብረ ማርቆስ አለ፣ ደብረ ኤልያስ አለ፣ ደብረ ወርቅ አለ። «ና አንተ ሰውዬ» ብሎ እንደመጥራት ነው። እኔ ግን የተሸነፈ ሰው ነኝ፣ አልጠየቅሁም። ከኋላ ጥግ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከፊቴ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ (የእውነት ዶሮ) የያዙ ሴትዮ።

ሽማግሌው ቦርሳዬን ዳበስ አደረጉት።

«ማሲንቆ ነው?»

«አይደለም አባባ።»

«ክራር ነዋ።»

«ራኬት ነው።»

«እ» አሉ። ያልገባው ሰው «እ»። ከዚያ ለፊተኛዋ ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዝማሪ ነው፣ አፍሮ ነው» ሲሉ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። መኪናው ከከተማ ሳይወጣ ነው የተኛሁት።

ስነቃ ቆመናል። ሰው ለምሳ እየወረደ ነው። ዓይኔን እያሻሸሁ «እንጅባራ ደረስን?» አልኩ። መኪናው ውስጥ ፀጥ አለ። ከዚያ ሽማግሌው በጣም በርኅራኄ፣ ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ «ልጀ፣ ይኸ ሞጣ ነው» አሉኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ከባሕር ዳር ወደ ማርቆስ የሚወስደው በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ነው። እኔ ያለሁት በአዴት በኩል በሚመጣው በሌላኛው ነው። በእኔና በእናቴ መሀል ጮቄ ተራራ ቆሟል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ። ረዳቱን «ደብረ አላልክም እንዴ?» ስለው «ደብረ ወርቅ ነዋ! ሌላ ምን ደብረ አለ?» አለኝ። ልጁ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፣ ለሱ ሌላ ደብረ የለም። ሹፌሩ የተሻለ ሰው ነው። «ወደ ኋላ ብትመለስ ይመሽብሃል። ደብረ ወርቅ እደርና ጠዋት በቢቸና ደጀን፣ ከደጀን ማርቆስ» አለኝ። የጎጃምን ካርታ ዙሪያውን ልሄድለት ነው ማለት ነው። ስልኬን ሳወጣ ሞታለች። ቪዲዮው ነው የጨረሳት።

ከሞጣ ወጣ እንዳልን ሽታው ጀመረ።

መጀመሪያ ማንም ምንም አላለም። ሰው ሁሉ መስኮቱን ቀስ እያለ ከፈተ። ቀጥሎ ሁሉም ጎን ለጎን ይተያይ ጀመር። አንዲት ልጅ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እኔም ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ፣ ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ሳልሸፍን ብገኝ ይነቃብኛል። በመጨረሻ ረዳቱ ዞሮ «እማማ፣ ዶሮዎት ሞታለች መሰለኝ» አላቸው።

ሴትዮዋ እንዴት እንደተቆጡ! ዶሮዋን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሷት። ዶሮዋም አንገቷን አስረዝማ መኪናውን ሁሉ ገርመም አደረገችው። «ሞታለች? ይቺ ሞታለች? የራስህን ካልሲ አታሸትም?» ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የኔ ሳቅ ግን ትንሽ ረዘመ።

ጎማው የፈነዳው ያኔ ነው። ሁላችንም ወረድን። ቅያሬውን ሲያወርዱት እሱም ልሙጥ ነው፣ ነፋስ የለውም። ሹፌሩ በሚያልፍ መኪና ጎማውን አስጭኖ ሄደ። እኛ መንገድ ዳር ቀረን። ዝናብ ጥሎ ያቆመ መሬት ነው፣ ብርዱ ለቀቅ አያደርግም። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሽማግሌው ተነስተው መሀል ቆሙ።

«በሉ እንግዲህ፣ አዝማሪ ይዘን ዝም ብለን እንቀመጣለን? አውጣው ልጀ። ሽልማቱን እኛ እናውቃለን።»

«አባባ፣ ማሲንቆ አይደለም አልኩ እኮ።»

«ታዲያ ምንድር ነው? አውጣውና እንየው!»

አሥራ ምናምን ሰው ከቦኛል። አማራጭ አልነበረኝም፣ ዚፑን ከፈትኩት።

ሽታው ነው ቀድሞ የወጣው። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በረዶው ቀልጦ፣ ጋዜጣው ረጥቦ ተቀድዶ፣ ፌስታሉ ተበስቶ፣ የዶሮዎቹ ማሸጊያ ቱቦ ክዳኑ ወልቆ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። እጄን ሰድጄ የመጀመሪያውን የያዝኩትን ሳወጣው አንድ ቁራጭ ቆሮሶ ነው፣ ጎኑ ላይ አንዲት ሻትል ተለጥፋበታለች። ነጭ ላባዋ ተዘርግቶ።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩት። አማተቡ።

«የጣና አሳ ላባ አለው እንዴ?»

ሴትዮዋ ዶሮዋን ጥብቅ አድርገው አቀፏት። ረዳቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔ እንባዬ ይምጣ ሳቄ ይምጣ አላውቅም። በዚያ ላይ እማማ «ዶሮ ናት ሞተች ያላችሁት? ይቅርታ ጠይቁኝ!» እያሉ ሰውን አንድ በአንድ ይዞራሉ። ሰዉም ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ሁለቴ ጠየቅሁ።

ከዚያ ከቱቦው ሥር ሦስት ደረቅ ዶሮ አገኘሁ። ማስረዳት ቢያቅተኝ ማሳየት ይሻላል ብዬ አንዱን ራኬት ለረዳቱ ሰጠሁት። ያ አገር እንደ ማርቆስ ደጋ ነው። አንዴ ከታች ወደ ላይ ሳነሳት፣ ወገኖቼ፣ ዶሮዋ በረረች! በረዳቱ አናት አልፋ፣ ቦዩን ተሻግራ፣ የታረሰው ማሳ ውስጥ ገባች። ሰው «ኧረ!» አለ። እንደገና መታሁ። እንደገና በረረች። እልሌ ሆነ። «ጠዋት ስሸነፍ የት ነበርሽ አንቺ?» አልኳት ጮክ ብዬ። አንዷን ከላይ ወደ ታች ስቀጠቅጣት ረዳቱ ራኬቱን ጥሎ ነው የሸሸው። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ፦

«እንዲህ ከቻልህ ጠዋት ምነው ተሸነፍህ?»

ስለ አየሩ ውፍረት ላስረዳቸው ጀመርኩ። ትንሽ ሰሙኝና «አየሩ ነው እንግዲህ» አሉ፣ ሰው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲል በሚሰማበት አሰማም።

ደብረ ወርቅ የገባነው ከመሸ ነው። ሽማግሌው አልጋ እንድይዝ አልፈቀዱም፣ «የእግዜር እንግዳ ሆቴል ያድራል?» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ጠላ ጠጣሁ፣ ራት በላሁ፣ መደብ ላይ ቡሉኮ ደርበውልኝ ተኛሁ። አሳውን ለውሻው ሰጠነው። ውሻው አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ዞሮ ተኛ።

በማግስቱ ደጀን ሻይ ቤት ውስጥ ስልኬን ቻርጅ ሰካሁ። ከመብራቷ ጋር ያልተነሳ ጥሪ ዥረት ይመስል ገባ። እናቴ፣ አሰልጣኛችን፣ እናቴ፣ እናቴ፣ አሰልጣኛችን። ለአሰልጣኙ ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«ደጀን።»

«ደጀን?! ደጀን ምን ትሠራለህ?»

«ረጅም ታሪክ ነው። ተሸንፌ አይደል፣ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ማታ በስብሰባው የነገረንን ደገመልኝ። ውድድሩ የምድብ ነው። አንዴ በመሸነፍ አይወጣም። ምድባችን ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለው፣ ሁለቱ ያልፋል። ዓርብ ከሰዓት ሁለተኛ ጨዋታ ነበረኝ። ሦስተኛው ተጫዋች ደግሞ ጭራሹን አልመጣም።

«ስምህን በድምፅ ማጉያ ሦስቴ ጠሩ» አለኝ። «ራኬት መያዝ ራሱ አያስፈልግህም ነበር። ሜዳው ላይ ቆመህ ብትገኝ በፎርፌ ሩብ ፍጻሜ ነበርክ።»

ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማርቆስ ስገባ እናቴ በር ላይ ናት። አገላብጣ ሳመችኝና ወዲያው ራቅ አለች፣ አፍንጫዋን ይዛ። ቦርሳውን ከፍታ አየች። «አሳ የለም፣ ሽታው ግን አለ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገር አውጥታ በሳሙና አጠበችው፣ ራኬቱን ሳይቀር። አትጠቢያቸው፣ ይበላሻሉ ብዬ ሳልጨርስ ሻትሎቹንም ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ላባቸውን በጣቷ እየነቀለች እያራገፈች ግቢው ውስጥ ሰፌድ ላይ ፀሐይ አሰጣቻቸው።

አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሰፌዱን አዩት፣ ነጩን ላባ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ኧረ እናንተ! ለሻምፒዮኑ ዶሮ አርዳችሁ ሳትጠሩን?»