ክብደት ልቀንስ ስነሳ ሩጫን ለምን አልመረጥኩም

«ምን ስፖርት እየሠራሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። መልሱ ግን ብዙም አያጓጓም። እርምጃ፣ ከወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ። በቃ። ሩጫ የለም፣ ገመድ ዝላይ የለም፣ ጂም የለም። እስካሁን ማለቴ ነው።

ሥራዬ ስፌት ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። ስጀምር 84 ኪሎ ነበርኩ። ወገቤ ደግሞ 99 ሳንቲ ሜትር። ሜትሩ ከአንገቴ አይለይም፣ የሰው ወገብ ስለካ እውላለሁ፣ የራሴን ግን ለክቼ አላውቅም ነበር። ምንም ከመጀመሬ በፊት ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊትና ስኳር ተለካሁ። ቤተሰባችን ውስጥ ግፊት ስላለ ነው። እናንተም ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚይዛችሁ ከሆነ ይህን አትዝለሉት።

ከዚያ ምርጫ መጣ። ሁሉም የየራሱን ይመክራል። አንዷ ገመድ ዝለዪ ትላለች፣ ሌላው ሩጪ ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ሰዎች መሬት ላይ እየወደቁ የሚነሱበትን ቪዲዮ ያሳያል። እኔ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የያዝኩት፦ ነገ ጠዋት ልደግመው እችላለሁ ወይ? ስንት ላብ ያስወጣል የሚለውን አልጠየቅኩም። የዛሬው ስፖርት ነገ ጉልበቴን ይዤ ደረጃ በጎን የሚያስወርደኝ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ስብ ቢያቃጥል አይሆነኝም።

ሩጫን በቁጥር ልያዘው። ዝም ብለን ስንቀመጥ ሰውነታችን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስንራመድ ይህ ወደ 3.5 ይወጣል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ስንሮጥ ደግሞ ከ8 ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ 84 ኪሎ የሆነ ሰው በአንድ ሰዓት እርምጃ 290 ገደማ፣ በአንድ ሰዓት ሩጫ ወደ 700 ያቃጥላል። ወረቀት ላይ ሩጫው አሸነፈ ማለት ነው።

ግን ማነው አንድ ሰዓት የሚሮጠው? እኔ ያኔ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ ብሮጥ ትንፋሼ ያጥራል። በአምስት ደቂቃ ደግሞ 60 እንኳ አልሞላም። 45 ደቂቃ ብራመድ ግን 220 ገደማ ነው፣ ያውም እያወራሁ። በማግስቱም እደግመዋለሁ። ሂሳቡ በሰዓት ሳይሆን በሳምንት ሲሠራ እርምጃው ይበልጣል። ለጀማሪ ማለቴ ነው፤ የለመደ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው።

የጉልበት ነገርም አለ። ስንራመድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነታችን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስንሮጥና ስንዘል ከዚያም ያልፋል። ደስ የሚለው ግን ተቃራኒውም መሥራቱ ነው፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ ያለው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስለት ታይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ በእርምጃ ትንሽ ቀንሶ፣ ሩጫውን ለቀለለው ሰውነት ማቆየት ያዋጣል። ሩጫን የተውኩት ለዘላለም አይደለም፣ ተራው ስላልደረሰ ነው።

ለእርምጃ ደግሞ ሀዋሳ ትመቻለች። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው። ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወርጄ፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል ዳር ዳሩን ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ እሄዳለሁ። ቀትር ላይ ፀሐዩ አይቻልም። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲል፣ ልክ ሲነጋጋ ነው የምወጣው። ጨለማ ላይ ወደ ውሃው ዳር አልጠጋም፤ ጉማሬ ለሣር የሚወጣው ሌሊት ነው። አንድ ፈተና ግን አለ፦ ባጃጅ። ቱታ ለብሼ፣ ላቤ እየወረደ፣ «እህት፣ ላድርስሽ?» የሚል አይጠፋም። መልካም ሰዎች ናቸው፣ ግን ተዉኝ!

ፍጥነቱን በምን አውቃለሁ ላላችሁኝ፣ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው። ዘፈኑም ከወጣ በጣም ዝግ ብላችኋል። ወሬውም ከተቆራረጠ ፈጥናችኋል። እኔና ጎረቤቴ ስለ እቁባችን እያወራን ነው የምንሄደው፤ እሷ ተናዳ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ትንፋሿ ከተቆረጠ ቀስ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲህ ያለ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። 150 ማለት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለአምስት ቀን ነው። አንዴ መሆንም የለበትም። ጠዋት አሥራ አምስት፣ ማታ አሥራ አምስት ቢሆንም ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ እኔም ከፋፍዬ ነው የሄድኩት፤ ጠዋት ለስፖርት፣ ማታ ከሱቅ ወደ ቤት በእግር።

ስለ ጫማ አንድ ነገር። ውድ መሆን የለበትም፣ የእኔ ከሰልባጅ የተገዛ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ተረከዙን በጣት ጫን በሉት፣ ሶሉን ደግሞ እንደ ጨርቅ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። ከተጠመዘዘ ተዉት። ከውጭ በኩል ያለቀ ሶልም አትግዙ፤ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት።

ሌሎቹን ለምን እንዳልመረጥኩ ባጭሩ። ዋና ለመገጣጠሚያ የሚወዳደረው የለም፣ ግን የሆቴል ገንዳ በየቀኑ ለእኔ ኪስ አይሆንም። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬውንም ነግሬያችኋለሁ። ታቦር ተራራ እይታው ደስ ይላል፣ ግን ለጀማሪ ጉልበት ክፉው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። በሙዚቃ በቡድን የሚሠራውን ኤሮቢክስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጨዋታው ደስ ይላል፣ ሰው ያበረታታል። ዝላዩ ግን ብዙ ነው። መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ሌሎቹ ሲዘሉ እሱ እዚያው ቆሞ ይራመድ፤ ማንም አይቆጣም። ሳይክል ግን ጥሩ ምርጫ ነው። ክብደታችሁን ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበት ያርፋል። የወንድሜን እየተዋስኩ በሳምንት አንድ ቀን እነዳለሁ። ኮርቻውን ከፍ አድርጉት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ እጥፍ ያለ ይሁን። ዝቅ ካለ ጉልበትን የሚያሳምመው እሱ ነው።

አሁን ሰው የሚዘለው ክፍል ላይ ልምጣ። ጡንቻ። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመር ይላል። ሴቶች «ወንድ እመስላለሁ» ብለን እንፈራዋለን። ግማሽ ሰዓት ፑሽ አፕ ሠርቶ ወንድ የመሰለ እስካሁን አላየሁም። ምግብ ስንቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። እንዳይሄድ የሚይዘው ሥራ ሲሰጠው ነው።

የምሠራው እንዲህ ነው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፋለሁ። እቀመጣለሁ፣ በእጄ ሳልደገፍ እነሳለሁ። ሲወርዱ ዱብ ማለት የለም፣ ቀስ ብሎ ነው። ሚስጥሩ መውረዱ ላይ ነው። ጉልበቴ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ወደ እግር ጣቶቼ አቅጣጫ እጠብቀዋለሁ። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ እረፍት፣ እንደገና። ቀላል ሲሆንልኝ ወንበሩን በዝቅተኛ በርጩማ ቀየርኩት። ፑሽ አፑን ከግድግዳ ነው የጀመርኩት። እጅን በደረት ልክ ግድግዳ ላይ ማድረግ፣ እግርን ወደ ኋላ ማራቅ፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ደረትን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት። አሁን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ደርሻለሁ። መሬቱ ገና ነው፣ አልቸኩልም። ለጀርባ ደግሞ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በየእጄ ይዤ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ክርኔን ወደ ኋላ እስባለሁ። ማሽን ላይ ጎብጦ ለሚውል ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የትከሻዬ ሕመም ከክብደቱ ቀድሞ ነው የለቀቀኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ጭን ይታመማል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሥጋው ውስጥ የሚሰማ፣ በሁለቱም እግር የሚመጣ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚላላ ከሆነ አያስጨንቅም። መገጣጠሚያው ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ውጋት የመሰለ ወይም የሚያብጥ ከሆነ ግን ያንን እንቅስቃሴ አቁሙ። «ካላመመ ስፖርት አይደለም» የሚሉትን አትስሙ።

የፌስታልም ነገር አለ። ሆዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ጃኬት ደርበው የሚሮጡ ታያላችሁ። ከሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። በሀዋሳ ሙቀት ደግሞ ራስን መሳት አለበት። ሲት አፕም እንደዚያው። የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ግን ቦርጭን ለይቶ አያጠፋም። ስብ ከየት እንደሚቀድም የሚወስነው ሰውነታችን ነው። የእኔ መጀመሪያ የሄደው ከፊቴ ነው፣ ምን ይደረግ!

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ዝም ብዬም አላልፍም። የአንድ ሰዓት እርምጃ፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይበልጥ የሚያቃጥለው ለእኔ 210 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነበር። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125 አካባቢ አለው። ሁለት ጠርሙስ ከጠጣሁ እርምጃው ሁሉ ሄደ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብታደርጉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተደምሮ ወደ 100 ይጠጋል። እኔ ቡናዬን አልተውኩም፣ ስኳሩን ነው የተውኩት። የጾም ሰሞንም አትሸወዱ። ሥጋና ቅቤ የለም ብለን ሽሮው ላይ ዘይቱን እንገለብጠዋለን። ሐይቁ እያለልን ዓሣውንም ጠብሰን እንጨርሰዋለን፤ ሾርባው ወይም በትንሽ ዘይት የተሠራው ጉላሽ ምን አለው?

ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጡ። በውሃና በጨው ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሰሞን ይጨምራል። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ጋ የምትለኩ ከሆነ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት፣ ጫማ አውልቃችሁ ይሁን። ለእኔ ግን ዋናው ሜትሩ ነው። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽን አውጥቶ፣ ሳያጠብቁ መለካት። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሁሉ ሆዳቸውን ሲያስገቡ ስላየሁ ነው የምነግራችሁ። ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሲያልፍ የልብና የስኳር ችግር ዕድል መጨመር ይጀምራል፤ ከ88 እና ከ102 በላይ በጣም ይብሳል። እኔ አሁን 92 ላይ ነኝ። ክብደቴ 78። ገና ነው፣ ግን ቀሚሶቼን በጎን በኩል አጥብቤያቸዋለሁ። ያለ ክፍያ!

የከበደኝ ስፖርቱ ሳይሆን ሰው ነው። «ውይ ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» የሚለው አያልቅም። እናቴ ደግሞ «ወዝሽ ሄደ፣ ብዪ እንጂ ልጄ» ብላ ጉርሻ ታዘጋጃለች። የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም። አንዷን እቀበልና ቡና ላፍላ ብዬ እነሳለሁ።

ጾም ላይ ሰዓቱን ነው የምቀይረው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ጠዋት ላብ ማውጣት ስለከበደኝ፣ ቀምሼ ካረፍኩ በኋላ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ዝናብ ሲይዘኝ ደግሞ ቤት ውስጥ እዚያው ቆሜ፣ ጉልበቴን ከፍ እያደረግኩ እራመዳለሁ። እውነት ለመናገር ይሰለቻል፣ ሬዲዮ ካልከፈትኩ አልዘልቀውም። በቀጣዩ ወር ከእርምጃው መሃል አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ እያልኩ ላስገባ አስቤያለሁ። በማግስቱ ጉልበቴ ዝም ካለ እቀጥላለሁ፣ ካጉረመረመ ወደ እርምጃው እመለሳለሁ። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ በስንት ሳምንት ደቂቃውን እንደጨመራችሁ ጻፉልኝ።