ቅርብ? እሱማ ድሮ ነው!

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ "ሴቶችና ሰላም" ምናምን የሚል ስልጠና ገብቼ አሰልጣኟ ኢኮፌሚኒዝም (የሴት ጭቆናና የተፈጥሮ ውድመት ይያያዛሉ የሚል አስተሳሰብ ነው) ብላ ቦርዱ ላይ ጻፈችና ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ ለደን ቅርብ ናት ብላን አረፈች። ሁሉም እህ አለ፣ እኔን ግን ቤት እስክገባ ከነከነኝ።

ማታ ቡና ላይ ለጎረቤታችን ለአዴ ነገርኳቸው። አዴ እንጨት ለቅመው እዚሁ ጅማ መርካቶ አውርደው እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ሳቃቸው አልቆም አለ። "ቅርብ? እሱማ ድሮ ነው ልጄ፣ አሁን ጫካው ራቀ እኮ!" ከዛ ሳቁን ተዉና ጫካው ሲርቅ የሚብሰው መንገዱ ሳይሆን ጠቡ ነው አሉ፣ አንዴ ሁለት ሴቶች በአንድ ጭነት ጭራሮ ተጣልተው ባሎቻቸው ዱላ አንስተው እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሀል ገብተው ነው የቆመው። ሲንቄ ማለት በኦሮሞ ባህል ሴት ስታገባ የምትቀበለው በትር ነው፣ እርጥብ ሳር ጨብጠው ከነሱ ጋር መሀል ከገቡ ወንዱ አልፏቸው አይማታም። ሳሩን ልብ በሉ፣ ሰላም የሚለመነው በለምለም ነገር ነው፣ እኔ ስንት አመት ሳየው አስቤው አላውቅም።

ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይም በፈረንጆቹ 1977 ሴቶችን ይዛ ዛፍ መትከል የጀመረችው የአዴን ከመሰለ ወሬ ነው፣ የገጠር ሴቶች እንጨት ራቀን ውሃ ደረቀብን ሲሏት ነው እንትከል ያለችው፣ ለጸደቀ ችግኝ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ብር ይሰጣቸው ነበር (ይሄ ብሩ ነገር ሁሌ ይረሳል፣ ሴት በነጻ የምትሰራ ይመስል)። በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሊሰራ ሲል ተሟግታ አስቀረች፣ በ1992 ልጆቻቸው በፖለቲካ የታሰሩባቸው እናቶች የረሃብ አድማ ሲመቱ የተቀመጡት የት መሰላችሁ? እዛው ፓርክ፣ እሷም አብራቸው ሆና ፖሊስ ራሷን እስክትስት ደበደባት። በ2004 የሰላም ኖቤል ሲሰጣት ዛፍና ሰላም ምን አገናኛቸው ያለ ሰው አልጠፋም እኮ!

ስለዚህ አሰልጣኛችን ትቀየመኝ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም፣ ሸክሙ ነው። እንጨቱ ጀርባችን ላይ ስላለ ነው ማለቁን ቀድመን የምናውቀው፣ ወንዱ ተሸክሞት ቢሆን እሱም ያውቅ ነበር።

አዴ ግን "አንቺ ወሬሽን ትተሽ ጀበናውን እዪ" አሉኝ። በረካው ሳይፈላ ከሰሉ አልቋል፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት እንደገባ ደግሞ እኔ አልነግራችሁም።