ቱቦው ከወጣ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች፦ ለቤት አሳማ ሰመመን ስንሰጥ የተማርኩት

የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ዛሬ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የውጭ አገር ምሩቃን የሚወስዱትን የብቃት ፈተና እስክጨርስ ድረስ በአንድ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ዋናው ሥራዬም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሰመመን የተሰጠውን እንስሳ መከታተል ነው። ቢሾፍቱ ሳለሁ አሳማን የማውቃት በእርባታ ጣቢያ ብቻ ነበር። እዚህ ግን ፖትቤሊ የሚባሉት፣ ዘራቸው ከቬትናም የሆነ ሆደ ሰፊ አሳማዎች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ከገቡ ወዲህ እንደ ውሻ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሴቶቹ በየ21 ቀኑ ድራት ስለሚመጣባቸውና ሳይመክኑ ካረጁም የማህፀን ዕጢ ስለሚያሰጋቸው፣ ለማምከን ወደ እኛ ይመጣሉ።

የመጀመሪያዋን አልረሳትም። ባለቤቷ ሠላሳ ኪሎ ገደማ ናት ያሉን አሳማ ሚዛን ላይ 47 ኪሎ ሆነች። ለሦስት ግድግዳ አስጠግተን ያዝናትና፣ ጩኸቷ ክሊኒኩን እያናወጠው፣ አንገቷ ላይ ከጆሮዋ ጀርባ የማረጋጊያውን መድኃኒት ወጋናት። ያነሣሁት መርፌ ለውሻ የምንጠቀምበት አጭሩ ነበር። አሳማ ግን በቆዳዋና በጡንቻዋ መካከል ወፍራም ስብ አላት፤ መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ከቀረ መቼ ወደ ደም እንደሚገባ አይታወቅም። ከሃያ ደቂቃ በኋላም ቆማ ስትመለከተን ሐኪሙ ተጨማሪ መጠን አዘዙ፤ ጥቂት ቆይቶ የፊተኛውና የኋለኛው ተደራርበው ሲሠሩ እንቅልፏ ከፈለግነው በላይ ጠለቀ፣ ትንፋሿም ዘገየ። ሐኪሙ ያዘዙት እኔ መርፌው ጡንቻ ደርሷል ብዬ ስለ ነገርኳቸው ነውና ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በሰመመን ጊዜ የምትተነፍስበትን ቱቦ በአፏ ወደ አየር ቧንቧዋ ማስገባቱ ሌላ ፈተና ነው። የአሳማ አፍ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ብዙም አይከፈትም። ማንቁርቷና የአየር ቧንቧዋ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ስላልሆኑ የቱቦው ጫፍ መንገድ ላይ ይያዛል፣ በኃይል ከተገፋም ሥጋውን ይበሳል። ከሁሉ የሚከፋው ማንቁርቷ በትንሽ ንክኪ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ማንቁርቷ ላይ ረጭቶ አንድ ደቂቃ ያህል መታገሥ፣ ቱቦው ሲያዝም ሳይገፉ ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ እያዞሩ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በዚያን ቀን በሦስተኛው ሙከራ ገባልን፤ ቀዶ ሕክምናውም በሰላም አለቀ። እኔም በልቤ «አለፈ» አልኩ።

አላለፈም ነበር። የሰመመኑን ጋዝ ከዘጋን በኋላ አሳማዋ ቱቦውን ማላመጥ ስትጀምር፣ በውሻ እንደለመድኩት አወጣሁትና ዕቃዎቹን ለማንሣት ዞርኩ። ስመለስ ደረቷ ይንቀሳቀሳል፤ መዳፌን አፍንጫዋ ፊት ብዘረጋ ግን ምንም አየር አይወጣም። ምላሷ ሰማያዊ ሆኗል። ረጅሙ ለስላሳ ላንቃዋና በተደጋጋሚ ሙከራችን ያበጠው ማንቁርቷ መንገዱን ዘግተውት ነበር። በደረቷ አስተኛናት፣ ምላሷን ወደ ውጭ ሳብነው፣ በጭምብል ኦክስጅን ሰጠናት፤ ሐኪሙ ቱቦውን መልሰው ሊያስገቡ ሲዘጋጁ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ዳነች፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ከሥሩ ቀየርን። አሳማዋ የምትመዘነው ከቀጠሮው ቀደም ባለ ቀን፣ በፖም ተባብላ ነው። በዋዜማው ማታ ምግብ ታቆማለች፤ የምትተኛበት ጭድም ይነሣል፣ ከራባት ትበላዋለችና። ውሃ ግን እስከ ጠዋት ድረስ አይከለከልም፤ አሳማ ውሃ ለረጅም ጊዜ ካጣች በሰውነቷ ያለው ጨው ራሱ አንጎሏን ይመርዛል። መርፌው አራት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀጭን ማራዘሚያ ቱቦ ያለው ሆኗል፤ ባለቤቷ ሆዷን ሲያኩላት እኔ ከጀርባ ሆኜ ሚዳዞላም፣ ቡቶርፋኖልና ዴክስሜዴቶሚዲን የተባሉትን ማረጋጊያዎች አንድ ላይ እሰጣታለሁ፣ ብትራመድም አብሬያት እራመዳለሁ። ከዚያ መብራት አጥፍተን ዝም እንላለን። ያልደነገጠች አሳማ ያነሰ መድኃኒት ይበቃታል።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሙቀቷን በየአምስት ደቂቃው እጽፋለሁ። ጸጉሯ ስስ ስለሆነ ቶሎ ትቀዘቅዛለች፤ ይበልጥ የምፈራው ግን መጨመሩን ነው። በፈረንጆቹ 1991 ተመራማሪዎች በአሳማ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው ዘረመል ላይ አንድ ለውጥ አግኝተዋል፤ ይህን የወረሰች አሳማ እንደ አይሶፍሉሬን ያለ የሰመመን ጋዝ ስትስብ ጡንቻዋ ይደርቃል፣ የምታስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሻቅባል፣ ሙቀቷም ይንራል። በሽታው ከፖትቤሊ ይልቅ በእርባታ ዝርያዎች ይታወቃል፤ ቢሆንም መድኃኒቱ፣ ዳንትሮሊን፣ በቅርብ መኖሩን ሳላረጋግጥ ጋዝ አልከፍትም።

ቱቦው አሁን የሚወጣው በደረቷ ተኝታ፣ ስትውጥና ጭንቅላቷን በራሷ ኃይል ስታነሣ ብቻ ነው፤ ማላመጥ ብቻውን አይበቃም። ከዚያም አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው አጠገቧ ይቀመጣል። አሳማ ያላችሁ ሰዎች፣ ከቀጠሮው በፊት ክሊኒኩን «ስትነቃ ማን አብሯት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስም ካልተጠራላችሁ ሌላ ክሊኒክ ፈልጉ።

ባለፈው ሳምንት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። 61 ኪሎ የምትመዝን ጥቁር አሳማ ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች፤ ባለቤቷ በሩን ገርበብ አድርገው «ነቃች?» አሉኝ። «ገና ናት» አልኳቸው፤ እጄን አላነሣሁም፣ ሞቃት ትንፋሿ መዳፌን ይነካ ነበር።