ቀጭን ፑንታ በትልቅ ድሪል ቻክ ለማስያዝ የተከተልሁት መንገድ

በጅማ ከተማ አምፕሊፋየርና ሬዲዮ እጠግናለሁ። በተቃጠለ ቦርድ ላይ አዲስ መስመር ስዘረጋ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ያስፈልገኛል፤ የምዋሰው ድሪል ግን በርጩማ የሚሠራው ጎረቤቴ ዋንዛ የሚበሳበት ነው። ፑንታውን፣ ማለትም መብሻውን ብረት፣ ቆንጥጦ በሚይዘው የድሪሉ ቻክ ጎን ላይ 1.5–13 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ፑንታ እንደማይዝ የሚናገረውም ይኸው ቁጥር ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ቻኩን እስከ መጨረሻው ዘግቼ በብርሃን ተመለከትሁት። ቁልፉ ሲዞር ሦስቱ መንጋጋዎች በዘንባላ መንገዳቸው ወደ ፊት እየወጡ ይቀራረባሉ፤ አሜሪካዊው አርተር ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ይህ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። የመንጋጋዎቹ ጫፍ እንደ ቢላ የተሳለ ሳይሆን ጠፍጣፋ በመሆኑ፣ እርስ በርስ ተነካክተው ሲቆሙ መሃላቸው ላይ ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ከዚያ ክፍተት የቀጠነ ፑንታ ቁልፉ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይያዝም። ከዚህ የከፋው ግን ፑንታው በሁለት መንጋጋዎች መካከል ሲሰነቀር ነው፤ የተያዘ ይመስላል፣ ነገር ግን ከመሃል ወጥቶ ስለሚዞር ቦርዱን እንደነካ ይሰበራል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ቻኩን በእጄ ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ የፑንታው ጫፍ ባለበት ሳይቆም ክብ ከሠራ ፈትቼ እንደገና አስይዛለሁ። በመንጋጋዎቹ መካከል የተጋገረ የእንጨት ብናኝም እንዲሁ ስለሚያጣምመው አስቀድሜ በብሩሽ አጸዳዋለሁ።

በፑንታው እጀታ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አጥብቄ በመጠምጠም ማወፈር ሞክሬአለሁ። ጥምጥሙ ሳይደራረብ ጎን ለጎን ከተኛ ለጥቂት ቀዳዳ ያገለግላል። አስተማማኝ ሆኖ ያገኘሁት ግን የተሰነጠቀ አፍ ያላት ትንሽ የእጅ መያዣ ናት፤ ቀጭኑን ፑንታ እሷ ትይዛለች፣ የእሷን ወፍራም እግር ደግሞ ትልቁ ቻክ ይይዛል።

ፑንታው በትክክል ከተያዘም በኋላ የፍጥነቱ ጉዳይ ይቀራል። በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚዞር ድሪል የ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጠርዝ በደቂቃ 94 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ የ0.8ቱ ግን 7.5 ሜትር ብቻ ይጓዛል። ይህን ዝግታ ለማካካስ በሙሉ ፍጥነት እያዞርሁ በጣም ቀስ ብዬ እጫናለሁ፤ ፑንታው እንዳይንሸራተትም ቦታውን አስቀድሜ በሹል ብረት እወቅረዋለሁ። 3.175 ሚሊ ሜትር እጀታ ያላቸው የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ቁስ) ፑንታዎች በዚህ ቻክ በቀላሉ ይያዛሉ፤ ሆኖም ትንሽ ወደ ጎን ከተገፉ ስለሚሰበሩ፣ ድሪሉ በማቆሚያ ላይ ካልታሰረ በቀር አልጠቀምባቸውም።