ራበኝ ያልኩት ሁሉ ረሃብ አልነበረም

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ኩሽና ቆሜ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እበላለሁ። መብራት አላበራሁም፣ ማንም እንዳያየኝ። ስምንተኛዋን ብስኩት ሳነሳ ነው ነገሩ የከነከነኝ። በዚያው ቀን ምሳ ላይ የመዳፌን ግማሽ የምታህል የዶሮ ሥጋ መጨረስ አቅቶኝ ሳህኑን ገፍቼው ነበር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ብስኩት የት ገባ?

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ዘጠኝ ወር አልፎኝ ነበር። ያደረግኩት ስሊቭ የሚባለውን ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ቀጭን ቱቦ መስሎ ይቀራል። ከመግባቴ በፊት ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅኩት ነገር አልነበረም። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚቆረጠው ክፍል ነው፣ ስለዚህ እሱም አብሮ ይቀንሳል ሲሉኝ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ደመደምኩ። ረሃብ የሚባል ነገር በቢላ ተቆርጦ የሚጣል መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራትም እውነት አስመሰሉት፤ ምግብ ትዝ የሚለኝ ስልኬ ላይ የሞላሁት ደወል ሲጮህ ብቻ ነበር።

ስለ ሌሊቱ ብስኩት እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስለደረሰብኝ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ልቡ የሚሰበረው እዚያ ጋ ስለሆነ።

በ124 ኪሎ ነው የገባሁት። በሁለት ሳምንት 9 ኪሎ ወረደ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ሾርባና እርጎ ብቻ በማንኪያ እየተጎነጨሁ አሥር ቀን ሙሉ ያው ቁጥር። ሚዛኑን ከመኝታ ቤት ወደ ሻወር ቤት፣ ከሻወር ቤት ወደ ሳሎን አዟዟርኩት። ባትሪ ቀየርኩለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄንን። በመጨረሻ ሐኪሜ ጋ ስደውል ሳቅ አሉና "ስልክሽን እየጠበቅኩ ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የማይደውል ሰው የለም" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዷ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ምግብ ድንገት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያልቀው ይሄ ስንቅ ነው፣ ውሃውም አብሮት ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ ስብ የቀለጠ መስሎን እንጨፍራለን። ቆየት ብሎ ሰውነት ከስንቁ ጥቂቱን ሲመልስ ውሃውንም ይመልሳል። ስቡ እየቀነሰ ውሃው ይጨምራል፣ ሚዛኑ ሁለቱን ደምሮ ስለሚያሳይ የቆምን ይመስለናል። መድኃኒቱ ምንም አለማድረግ ነው። እኔ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቼ ወገቤን ለካሁ፤ ሚዛኑ በቆመባቸው አሥር ቀናት 3 ሳንቲ ሜትር ቀንሻለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት 1 ኪሎ ተኩል በአንዴ ወርዶ ጠበቀኝ።

ሁለተኛው መቆም ግን ሌላ ጉድ ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ 91 ኪሎ ደርሼ እዚያው ተተከልኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ስድስት። ስድስት ሳምንት ደግሞ ውሃ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ታላቅ እህቴ "እንግዲህ ትንሽ ቀንሺው እንጂ ምግቡን" አለችኝ። ቀነስኩ። ቁርስ ተውኩ። ይሄ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ነው፣ ቀን የተውኩትን ማታ ከነወለዱ ነበር የምከፍለው። ከዚያ ደግሞ አንዱ "ጨጓራሽን እንደ አዲስ ታስጀምሪዋለሽ" ብሎ የነገረኝን አምስት ቀን ፈሳሽ ብቻ የመጠጣት ነገር ሞከርኩ። 2 ኪሎ ወረደ፣ በሳምንቱ 2 ኪሎ ተኩል ተመለሰ። ያቺው የሦስተኛው ሳምንት ውሃ ሄዳ መጣች ማለት ነው። ማወቅ ነበረብኝ፣ ግን የጨነቀው ሰው ምን የማይሞክረው አለ።

ከብስኩቱ ሌሊት በኋላ ነው አፍሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋ የሄድኩት። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አልተቆጡኝም። "ለሰባት ቀን ምንም አትከልክዪ፣ ራበኝ ባልሽ ቁጥር ብቻ ጻፊ" አሉኝ። ሰዓቱን፣ ረሃቡ የት ጋ እንደተሰማኝ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበላሁ፣ መቼ ውሃ እንደጠጣሁ። በሳምንቱ ስንቆጥረው 41 ጊዜ ራበኝ ብያለሁ። አርባ አንድ! ሳላየው ያለፈኝ ረሃብ ይኖር ይሆን ብዬ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም።

ደብተሩን ገልጠው በእርሳስ ማክበብ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ የምጽፈው ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር፤ "ከደረቴ በታች ይሞረሙረኛል፣ ስበላ ይተወኛል፣ ወዲያው ይመለሳል።" ከዚያ በፊት ያለው መስመር ላይ ደግሞ ሁሌ ቡና አለ፣ ባዶ ሆድ። "ይሄ ረሃብ ሳይሆን አሲድ ይመስለኛል" ብለው ወደ ሐኪሜ ላኩኝ። ስሊቭ ያደረገ ሰው ላይ ቃር መምጣቱ ወይም መባሱ የተለመደ ነው። ሐኪሙ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዙልኝ፣ ባዶ ሆድ ቡናውንም ተውኩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአራት ሰዓቱ ረሃብ የት እንደገባ አላውቅም። ስንት ወር ሙሉ አሲድ ስቀልብ ኖሬያለሁ! (መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ ጀምራችሁ ዓመት አትዋጡት፣ ሲቆይ ቫይታሚን ቢ12 እንደ ልብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል፤ እኛ ደግሞ ድሮውንም ቢ12 የሚጎድለን ሰዎች ነን።)

ከሰዓት በኋላ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ጥም ነበሩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ውሃ ግጥም አድርጎ መጠጣት የለም፣ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ያ ሁሉ ክልከላ ተደምሮ እኔ በቀን አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም ነበር፣ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ነው። አሁን ጠርሙሷ ከእጄ አትለይም። ጉንጭ ጉንጭ እያልኩ ነው።

ሁለቱ ግን አስደነገጧቸው። ጭማቂ ከጠጣሁ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ "እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አላበኝ፣ ያገኘሁትን ልበላ ነበር" ብዬ የጻፍኳቸው ናቸው። ጣፋጭ ነገር ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ ስኳር ይተኮስና ሰውነት ኢንሱሊን አብዝቶ ይለቃል፣ ከዚያ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ያደረጉት ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ ላይም ግን ይመጣል። እንዲህ የሚሆን ሰው ለሐኪሙ ይንገር፣ ዝም ብሎ ራበኝ ብሎ አይለፈው። እኔ ጭማቂ ሳቆም ቆመልኝ።

የማታዎቹ የአፍ ረሃብ ናቸው፣ ሌላ ስም የላቸውም። ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚመጣ ረሃብ የሆድ አይደለም። ለዚህ ባለሙያዋ የሰጡኝ አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትሠራልኛለች፤ አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢቀርብልኝ እበላለሁ? አዎ ካልኩ ርቦኛል፣ ልብላ። "እንቁላልማ አልፈልግም፣ ብስኩት ካለ ግን..." ካልኩ ሌላ ነገር ነው፤ ደክሞኛል፣ ወይ ከፍቶኛል፣ ወይ እንቅልፌ መጥቷል። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነው። አምስት ሰዓት ብቻ እየተኙ ረሃብን መቆጣጠር ይከብዳል፣ ያልተኛ ሰው ረሃቡ ይጨምራል።

ከነዚህ ሁሉ ተርፎ እውነተኛ ረሃብም ነበረ። ይሄ ነው ወደ ብስኩቱ የሚመልሰን።

ጨጓራችን ሞልቷል የምንለው ግድግዳው ሲወጠር ነው። ዶሮ፣ ዓሣ፣ የተቀቀለ ምስር ጠባቧ ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስለዚህ በጥቂቱ በቃኝ ይላል። ሻይ ውስጥ የራሰ ብስኩት ግን ገና አፍ ውስጥ ገንፎ ሆኗል፣ ሻይው ደግሞ እያጠበ ያወርደዋል። ጨጓራዋ ሳትወጠር ባዶ ትሆናለች። አይስክሬም እንደዚያው፣ ቺፕስ እንደዚያው፣ የላመ አጃ በወተት እንኳ እንደዚያው። ጠባቧ ጨጓራ የምትከላከለው የሚቆምባትን ምግብ ነው፤ ለሚንሸራተተው ምግብ በሩ እንደ ድሮው ክፍት ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም ልል ነበር፣ ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት።

ባለሙያዋ ስልካቸው ላይ አሰሉልኝ። ስምንቱ ብስኩት 400 ካሎሪ ገደማ። በቀን ሙሉ የምበላው 1,100 ነው ብዬ የማምን ሰው! በዚያ ላይ ስኳር ያለው ቡና በወተት በቀን ሦስቴ፣ መጠጥ ነው ብዬ ደብተር ላይ ለመጻፍ እንኳ ያቅማማሁት። ፕሮቲኑን ስንደምረው ደግሞ 45 ግራም። የተነገረኝ ከ60 እስከ 80 ነበር። ሆዴ በእውነት ቢርበው ምን ይገርማል?

ከዚያ የቀየርኩት ነገር ብዙ አይደለም። ቁርስ መለስኩ፣ ሁለት እንቁላል ወይም ጠጠር ያለ እርጎ፣ አጃው ቀረ። ሳህኔ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ፕሮቲኑ ነው፣ አትክልቱ ይከተላል፣ ዳቦና ሩዝ ቦታ ከተረፈ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ምግብ ሳልመዝን ግማሽ ዓመት የበላሁ ሰው ትንሽ የኩሽና ሚዛን ገዛሁ፣ የዶሮዋ ቁራጭ 100 ግራም ናት ብዬ ስምል 55 ግራም ሆና ተገኘች። በልቼ እስክጨርስ 20 ደቂቃ እቆያለሁ፣ ማንኪያውን በየጉርሻው መካከል አስቀምጣለሁ። ብስኩት ቤት አይገባም። ልጆቹ አኩርፈው ነበር፣ ለመዱት።

ሌላው የዘነጋሁት ነገር፣ 91 ኪሎ ሰውነት እንደ 124 ኪሎው አያቃጥልም። ተሸክሞ የሚሄደው ሸክም ቀልሏል፣ በዚያ ላይ ሰውነት በረሃብ ዘመን ላይ ነኝ ብሎ ወጪውን ይቆጥባል፣ ከስቡ ጋር ጡንቻም ሄዷል። እኔ የእግር ጉዞ ብቻ ነበር የምሠራው። ባለሙያዋ ክብደት አንሺ ሲሉኝ እኔና ብረት ምን አገናኘን አልኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ከወር በኋላ 3 ኪሎ ብረት። መጀመሪያ ሚዛኑ ጭራሽ 1 ኪሎ ጨመረ፣ ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ ውሃ ይይዛል። ያኔ አልደወልኩም፣ ብልጥ ሆኛለሁ።

ደም ስመረመር አይረን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ድካሙ ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስሰድብ ነበር። የአይረን ኪኒኑን ከካልሲየም ኪኒኑ ጋር አብሬ እየዋጥኩ ነበር ለካ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። የፀጉር መርገፍም ነበረ፣ ተመለሰ፣ እሱን ተዉት።

ሚዛኑ የተንቀሳቀሰው በአምስተኛው ሳምንት ነው። እንደ መጀመሪያው አይደለም፣ በሳምንት 400 ግራም፣ አንዳንዴ 300። ድሮ በቀን አራቴ የምወጣበትን ሚዛን አሁን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው የምወጣበት፣ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ደግሞ ጭራሽ አልወጣም። አሥራ ስድስተኛው ወር ላይ 83 ነኝ። ያሰብኩት 75 ነበር። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሰውነቴ እዚህ ሊረጋ እንደሚችል ነግረውኛል፣ ኪሎው መመለስ ከጀመረ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ ረሃብ የሚቀንሱ መርፌዎች ከቀዶ ጥገና በኋላም እንደሚሰጡ ጭምር። ለጊዜው አልፈለግኩም። የሚያስፈልገው ሰው ይውሰድ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ትናንት ማታም ኩሽና ገባሁ። ፍሪጁን ከፍቼ ቆምኩ፣ ጥያቄዋን ጠየቅኩ፣ አዎ አልኩ። መብራቱን አበራሁና አንድ እንቁላል ቀቀልኩ። ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፣ ተቀምጬ በላሁ። ግማሹ ላይ ሆዴ በቃኝ አለ፣ ቀሪውን በሳህን ከድኜ ለጠዋት አስቀመጥኩት።