የጎደለው ሰማያዊ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል፤ ምናልባት ጭጋጉ ይሆናል። አንዲት ወዳጄ ደግሞ «ፓዶቫ ልሄድ ነው፤ ስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ ብቻ ነው አሉ፤ ይበቃል?» ብላ ልካለች። ጣሊያን አገር ያለ፣ ግድግዳውን ሠዓሊው ጂዮቶ በሥዕል የሸፈነው ጸሎት ቤት ነው። ተዘጋጅቶ ለገባ ይበቃል።

ትኬቱን ደጃፍ ላይ እገዛለሁ ማለት አያዋጣም፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማስያዝ ነው። ቦርሳ አስቀምጦ መስታወት ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ መቆየት ግድ ነው። ነገሩ ወረፋ አይደለም። ሰው ከውጭ ይዞት የመጣው እርጥበትና አቧራ ከሥዕሉ እንዳይደርስ አየሩ የሚጣራው እዚያ ነው። በአንድ ተራ የሚገባው 25 ሰው ገደማ ሲሆን በሩም በሰዓቱ ብቻ ስለሚከፈት፣ ያረፈደ ትኬቱን ከስሮ ይመለሳል። አቅራቢ መነጽር ያለው ይያዝ፤ ጣሪያው 13 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ታሪኩም የሚጀምረው ከላይ ነው።

ወደ መሠዊያው ዞሮ ለቆመ ሰው መነሻው በቀኝ፣ መስኮቶቹ ባሉበት ግድግዳ ላይ ነው፦ ኢያቄም ልጅ የለህም ተብሎ ከቤተ መቅደስ ሲባረር። እዚህ ላይ ነገረ ማርያም ሲነበብለት ያደገ አበሻ ብዙውን ፈረንጅ ይበልጠዋል። ሌላው መጽሐፍ ሲያገላብጥ እሱ ኢያቄምንና ሐናን ስም ጠርቶ ያልፋቸዋል። በዚያው ረድፍ መጨረሻ ሁለቱ በከተማው በር ተገናኝተው ይሳሳማሉ፤ የሐና እጅ ባሏን ከራሱ ኋላ ይዞታል፣ ሁለቱ ፊቶች አንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ጂዮቶ ይህን እ.ኤ.አ. በ1305 ገደማ ሲጨርስ፣ አሠሪው ኤንሪኮ ስክሮቬኚ የአራጣ አበዳሪ ልጅ ነበር። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ግድግዳው ላይ በደንብ ወጥቷል።

ከዚያ አንድ ረድፍ ወርዶ ልደት አለ። ማርያም ጋደም ብላ ሕፃኑን ትቀበላለች። የእኛ ዓይን ከውስጥ ቀይ፣ ከላይ ሰማያዊ መጎናጸፊያ ይጠብቃል፤ ጂዮቶም ያለበሳት እንደዚያው ነበር። አሁን ግን ሰማያዊው ብዙው ተቀርፎ ከሥር ያለው ቀይ ወጥቷል።

ምክንያቱ ኖራው ነው። በፍሬስኮ ሥራ ሠዓሊው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ በኖራና በአሸዋ ይለስናል፤ ልስኑ ሳይደርቅ በውሃ የተበጠበጠውን ቀለም ይቀባል። ኖራው ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ወደ ድንጋይነት ይመለስና ቀለሙን እዚያው ይዞ ያስቀራል። መነጽሩን ተጠቅሞ ልብ ብሎ ላየ የአንዱ ቀን ልስን በሌላው ጠርዝ ላይ የተደረበበት ይታያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል የሚነበበውም በዚያ ነው። አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ግን ከእርጥብ ኖራ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ይቀባል። ማጣበቂያው በእርጥበት ሲደክም ቀለሙ ይረግፋል። ከሁሉ ውድ ከሚባሉት የሆነው ቀለም ቀድሞ ሄደ፣ ርካሹ አፈር ቀለም ቀረ።

የእኛ ሠዓሊዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሸማ ላይ ሥለው ሸማውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቃሉ። የዚያ ጠላት የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ ሌላም ጠላት አለው፣ ተገንጥሎ ይጠቀለላል። እ.ኤ.አ. በ1932 የጎንደሩ አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተነሥተው ወደ ፓሪስ የተወሰዱት እንዲያ ነው፤ በምትካቸው ቅጂ ተሰቀለ። ፍሬስኮንም ከግድግዳ መላጥ ይቻላል፣ ግን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው የሚሄዱት ነገር አይደለም።

ጠጋኞቹ የረገፈውን ሰማያዊ መልሰው አልቀቡትም። የቀረው የጂዮቶ እጅ ነው፣ የጨመርነው የእኛ ይሆናል ብለው፤ በሙያው ትክክል ናቸው። ግን ይህ ሥዕል የአገሬ ደብር ውስጥ ቢሆን የሰበካው ሽማግሌዎች «እመቤታችን መጎናጸፊያዋን ተገፍፋ ትቀመጥ?» ብለው ለሚቀጥለው ንግሥ ሠዓሊ ይጠሩ ነበር። ሠዓሊውም አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምናልባትም የቆርቆሮ ቀለም ይቀባላት ነበር። ሳስበው ያመኛል። ሥዕሉ የተሣለው ግን ሊጸለይበት ነው፣ የሚጸልይ ሰው ደግሞ የሚያየው እናቱን እንጂ የልስን ጠርዝ አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ስለ ማጣበቂያ ሳወራ አማትቤ እንደማላውቅ አሁን ገና አሰብኩት። ታዲያ ከሁለታችን ሥዕሉን ያየው የትኛው ነው?