እጀታው የሚነቃነቅ ሰይፍ

የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ በጥንት የጦር መሣሪያ አምሳያ የተሠሩ ዕቃዎችን በሚሸጥና በሚጠግን ሱቅ ውስጥ ነው። በብዛት የሚፈለገው ናይት የሚባሉት የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ ጦረኞች ይታጠቁት የነበረው ሰይፍ ነው። አንዳንዱ ገዢ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላው ጥሩር ለብሶ ሜዳ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1471 እዚሁ እንግሊዝ እንደተካሄደው የቱክስበሪ ጦርነት ያሉ ውጊያዎችን በትርኢት ከሚደግሙት አንዱ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሌላ ቦታ የገዛውን ሰይፍ ይዞ መጣ። የሚያብለጨልጭ፣ ዓይን የሚስብ ሰይፍ ነው። “እጀታው ትንሽ ይነቃነቃል፣ አጥብቁልኝ። እሑድ ልምምድ አለን” አለ።

ብረት ሠሪያችን በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው ነው። ሰይፉን ተቀብሎ ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ አደረገው። “እጀታውን ሳልፈታ አልነካውም” አለው። ወጣቱ ቸኩሏል። “ኧረ ምንም አልሆነም፣ ይኸው ይዩት” ብሎ መልሶ ወሰደና አንዴ በኃይል ወዘወዘው።

ስለቱ ተነቅሎ በረረ። ሒሳብ የምንቀበልበትን ጠረጴዛ አልፎ መደርደሪያውን መታና ወደቀ። ወጣቱ ባዶ እጀታ እንደጨበጠ ክው ብሎ ቀረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ በኩል ሰው አልነበረም።

ብረት ሠሪው እጀታውን ፈታው። ውስጡ እርሳስ የሚያህል ቀጭን ዘንግ ነው፤ ጫፉ በዳዶ ታስሯል። ከስለቱ ጋር የተያያዘው በብየዳ ሲሆን፣ የተሰበረውም እዚያው ላይ ነው። ስብራቱን ወደ መብራት አዙሮ አሳየን። ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ አዲስና የሚያበራ ነው። ስንጥቁ የቆየ ነበር ማለት ነው፤ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ሲሰፋ ከርሟል። ዳዶውን አጥብቀንለት ቢሆን መነቃነቁ ይጠፋል፣ ስንጥቁ ግን ይቀራል። እሑድ ደግሞ ፊቱ ሰው ይቆማል።

ለሜዳ የሚሆን ሰይፍ ከጫፍ እስከ ጭራው አንድ ወጥ ብረት ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ሰፋ ያለ ነው። በደንብ በተሠራው ላይ ጭራው እስከ ጉልላቱ፣ ማለትም እጀታው ጫፍ ላይ እስካለው ጉብ ያለ ብረት፣ ይዘልቅና እንዳይወጣ ጫፉ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ብረቱም የመኪና ባሌስትራ ከሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ጠርዙ ሆን ተብሎ እንዲደነዝዝ፣ ጫፉም እንዲድበለበል ይደረጋል። ብዙ ሰው ከባድ ሰይፍ ጠንካራ ይመስለዋል። የመካከለኛው ዘመን የአንድ እጅ ሰይፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለጌጥ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ነው። ለወጥ ቤት ቢላዋ ግሩም ነው፤ በሰይፍ ርዝመት ሲሆን ግን ምት አይችልም።

የጌጥ ሰይፍ አልንቅም፤ ግድግዳ ላይ ያምራል። የሚያናድደኝ ሳይናገር የሚሸጠው ነው። ይህ ልጅ ሲገዛ “ለልምምድ ይሆናል?” ብሎ ጠይቆ “አዎ” ተብሏል። በሰው ሕይወት እንዲህ መደረግ የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ሁለቱን ዓይነት በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጥ አቁሟል። ደንበኛ ሲመጣ ከዋጋው በፊት ለምን እንደሚፈልገው እንጠይቃለን። ሱቅ ውስጥ ሰይፍ መወዝወዝ ክልክል ነው። ለጥገና የመጣም እጀታው ሳይፈታ አይሠራም፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ እንዳመጣው ይወስዳል። በዚህ ተቆጥተው የሄዱ ደንበኞች አሉ። አለቃችን ግን ደንቡን አልቀየረም።